ፎርሙ «ከኤ1 እስከ ሲ2» ይላል፤ ምን ተብሎ ይሞላ?

ጮቄ (ደብረ ማርቆስ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጀርመን አገር ለነርስነት ስልጠና የሚላክ ሲቪ ላይ «እንግሊዝኛ፦ በጣም ጥሩ፣ ጀርመንኛ፦ መካከለኛ» ቢባል አይቀበሉትም፤ በደረጃ ካልሆነ ይላሉ። ዲግሪው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሲ1 ማለት ያስኬዳል? ጀርመንኛው የቢ1 ኮርስ አልቋል፣ ፈተናው ግን አልተወሰደም።

ጣና ዳር፦
አያስኬድም። ስድስቱ የቋንቋ ደረጃዎች (ከጀማሪው ኤ1 ጀምሮ ኤ2፣ ቢ1፣ ቢ2፣ ሲ1 እያሉ እስከ ከፍተኛው ሲ2) የአውሮፓ ምክር ቤት (ከአውሮፓ ኅብረት ጋር አታምታታው) በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጣቸው ናቸው፤ የሚለኩትም በቋንቋው ምን መሥራት እንደምትችል እንጂ ስንት ዓመት እንደተማርክ አይደለም።

ባሕር ዳር መናኸሪያ ሻንጣ ጠፋ እንበል። ኤ2 ላይ ያለ ሰው «ሻንጣዬ ጠፋ፣ ጥቁር ነው» ይላል። ቢ1 ላይ ያለው የት እንደጫነው፣ መቼ እንዳጣው፣ ውስጡ ምን እንደነበር እየተደነቃቀፈም ቢሆን በቅደም ተከተል ያስረዳል። ቢ2 ከሆነ «እኛ አንጠየቅም» ሲሉት ሳይዘጋጅ ምክንያት እየደረደረ ይከራከራል። ሲ1 ያለው ደግሞ አቤቱታውን ለተቀባዩ በሚመጥን ቃና በጽሑፍ ያቀርባል። ራስህን ስትለካ ታዲያ አንድ ቀን የቀናህን ሳይሆን ሁልጊዜ የምትችለውን ቁጠር።

ደግሞ አንድ ፊደል ለሁሉም አትገልብጥ። ዩሮፓስ የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የሲቪ ቅጽ ለእያንዳንዱ ቋንቋ አምስት ሳጥን አለው፦ ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መነጋገር፣ በቃል ማቅረብ፣ መጻፍ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ያነበበ ሰው ንባቡ ቢ2፣ ንግግሩ ቢ1 ቢሆን ምንም አይገርምም። እንዲያውም አምስቱም ላይ ሲ1 የተደረደረበት ሲቪ ነው ጠያቂውን የሚያጠራጥረው።

ግሽ ዓባይ፦
ስለ ጀርመንኛው ልጨምር። ኮርስ መጨረስና ደረጃውን ማለፍ ለየቅል ናቸው። ለጊዜው «ቢ1 ኮርስ የተጠናቀቀ፣ ፈተና ያልተወሰደ» ብለህ ጻፍ፤ ዝም ብለህ «ቢ1» ካልክ የምስክር ወረቀት ሲጠይቁህ ታፍራለህ።

የጎተ (ጀርመንኛ የሚያስተምረውና የሚፈትነው ተቋም) ቢ1 ፈተና አራት ክፍል አለው። ንባብ 65 ደቂቃ፣ ማዳመጥ 40 ገደማ፣ ጽሑፍ 60፣ ንግግር 15 ያህል። እያንዳንዱ ከ100 ይታረማል፣ ማለፊያው 60 ነው፤ የአንዱ ትርፍ የሌላውን ጉድለት አይሞላም። ደግነቱ የወደቅክበትን ክፍል ብቻ መድገም ትችላለህ።

ብዙ ሰው ነጥብ የሚጥለው ጽሑፉ ላይ ነው። ሦስት ሥራ ይሰጣል፦ ለወዳጅ 80 ቃል ያህል ኢሜይል፣ 80 ቃል ያህል አስተያየት፣ 40 ቃል ያህል መደበኛ ኢሜይል። አጭሯ ናት ጠላት! «እርስዎ» መባል ያለበትን ኃላፊ «አንተ» ብሎ መጻፍ እዚያ ነጥብ ያስከፍላል፤ እዚህ ሽማግሌን አንተ እንደማለት ቁጠረው። በመጀመሪያው ኢሜይል ደግሞ የተሰጡትን ሦስት ነጥቦች አንድም ሳይቀር ንካ። ሁለቱን አሳምሮ ሦስተኛውን መዝለል የተለመደ ስህተት ነው።

ጮቄ፦
ገባኝ። በእንግሊዝኛው ፈተና በአይኢኤልቲኤስ 6.5 ያለው ሰውስ ቢ2 ነው ሲ1?

ጣና ዳር፦
ከ5.5 እስከ 6.5 ቢ2፣ ከ7 እስከ 8 ሲ1 ነው። ግን ውጤቱን ራሱን ከተፈተንክበት ወር ጋር ጻፈው፣ ደረጃውን ቀጥለህ። ብዙ ተቀባዮች ከ2 ዓመት ያለፈ ውጤት አይቀበሉም።

ዘንገና (እንጅባራ)፦
አንዲት የተረሳች ነገር። አማርኛን «ሲ2» የሚሉ አሉ፤ ደረጃው ለተማሩት ቋንቋ ነው። አፍ መፍቻህን በአፍ መፍቻ መስመር አስገባው። በአዊኛና በአማርኛ እኩል ያደገ ሰውም ሁለቱንም እዚያው ይጽፋል፤ ዩሮፓስ ከአንድ በላይ ይቀበላል።