ኮምቦልቻ ላይ፣ ፊቱ ወደ ምዕራብ የሆነ ቦታ ላይ የመስታወት ፎቅ? ምከሩኝ

ኮስሞቲክሷ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በርበሬ ወንዝ አካባቢ ከአባታችን የወረስነው ቦታ አለ። ከወንድሞቼ ጋር ጂ ፕላስ 4 የንግድ ቤት ልንሠራበት ነው። መንገዱ በምዕራብ በኩል ስለሆነ ፊቱም ወደዚያው ነው። ዲዛይኑን የሠራልን ልጅ ከታች እስከ ላይ ሰማያዊ መስታወት አልብሶ አመጣልን። ወንድሞቼ ወደዱት። የእኔ ሆድ ግን እምቢ አለ።

ለምን መሰላችሁ፣ እንዲህ ባለ ሕንፃ ሦስት ዓመት ተከራይቼ ኮስሞቲክስ ሸጫለሁ። ግንቦት ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት ካለፈ ሱቁ ምጣድ ነው። አንድ ቀን ደንበኛዬ ሊፕስቲክ ልትሞክር ክዳኑን ስትከፍተው ቀለሙ አንገቱን ደፍቶ ክዳኑ ውስጥ ቀረ። ቫዝሊኑማ ዘይት ሆኗል። ቢቸግረኝ መስታወቱን በካርቶን ሸፈንኩት። ሱቁ ጨለመ። ብርሃን ይግባ ተብሎ በተሠራ መስታወት ውስጥ በጠራራ ፀሐይ አምፖል አበራ ጀመር! ቬንትሌተሩም ያንኑ ትኩስ አየር መልሶ ፊቴ ላይ ነው የሚያራግበው።

አሁን ደግሞ አከራይ ልሆን ነው። በራሴ የደረሰውን በሌላ ሰው ማድረስ ከበደኝ። ተከራዩስ ቢሆን አንድ በጋ ችሎ ይወጣል እንጂ መች ይከርማል? መስታወቱን ብንቀንስ ገበያ እናጣለን? በምን እንተካው? ስለ ጣራ ውሃና ስለ ሶላርም የምታውቁ ጣል አድርጉልኝ።

ፎርማን ከደሴ፦

አብሽሪ እህቴ፣ ሆድሽ ልክ ነው። ጥፋቱ የአቅጣጫው ነው። ኮምቦልቻ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ናት። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከፍ ስለምትል የሰሜንና የደቡብ መስኮትን ከሶሌታው፣ ማለትም ከፎቁ የኮንክሪት ወለል፣ ወጣ ያለ ጥላ ይበቃዋል። የከሰዓቷ የምዕራብ ፀሐይ ግን ዝቅ ብላ አግድም ነው የምትገባው። ከላይ የወጣ ጥላ አያቆማትም።

ስለዚህ ግራውንዱ ላይ መስታወቱን ተዪው፤ ሱቅ መታየት አለበት። ግን ሁለት ሜትር ወደ ውስጥ አስገቢውና ፊት ለፊቱ በረንዳ ይሁን። ከ10 ሰዓት በኋላ ሸራ ይወርዳል። ከዚያ በላይ ያሉት ፎቆች ላይ ደረጃውን፣ መጸዳጃውንና ዕቃ ማከማቻውን ወደ ምዕራብ አምጪው። ሙቀቱን እነሱ ይቅመሱት። ቢሮዎቹ በሰሜንና በደቡብ ይከፈቱ፤ በሁለቱም በኩል መስኮት ካለ አየሩ ያልፋል።

ዲዛይነራችሁ የእኛ አገር ልጅ ነው መሰለኝ። እኛ ብርዳሞች ነን፣ መስታወት ያሞቀናል። ከዚህ ወደ እናንተ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ከፍታው ወደ 600 ሜትር ይቀንሳል። እኔ ራሴ ለብሼ የወጣሁትን ጃኬት የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ ነው የማወልቀው።

ነጋዴው፦

ይህ ሁሉ ልክ ነው፣ ግን ባንክ መስታወት ይወዳል። ባንክ ደግሞ ጥሩ ከፋይ ነው።

ኮስሞቲክሷ፦

ባንኩ የሚፈልገው ግራውንዱን አይደል? እሱ መስታወት አለው። አራተኛ ፎቅ የሚገባው ልብስ ሰፊው ነው፤ ካውያው ራሱ ይበቃዋል።

የደሴው ሽማግሌ፦

ልጄ፣ ስለ ውሃው ልንገርሽ፤ እኔ ከፍዬበታለሁ። ቤቴ ደሴ ተዳፋት ላይ ነው። የጣራውን ውሃ በአሸንዳ ሰብስቤ ወደ ኋላ ለቀቅኩት። ቧንቧ ለመቆጠብ ብዬ ነው፣ ምን ዋጋ አለው። በሁለተኛው ክረምት የድጋፍ ግንቡ ሆዱን ነፋ። ደሴ ተዳፋቱ ላይ አፈሩ ውሃ ሲጠጣ ይንሸራተታል፤ ይህን እያወቅሁ ነው የሠራሁት። ግንቡን አፍርሼ፣ ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ አበጅቼለት እንደገና ገነባሁ።

አሁን ውሃው መሬት ውስጥ ወደተቀበረ ታንከር ይገባል። 300 ካሬ ጣራ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 3,000 ሊትር ነው። በዚያ ሽንት ቤቱን እናፈሳለን፣ ደረጃውን እናጥባለን። የመጀመሪያውን ዝናብ ድፊው፤ አቧራና የወፍ ኩስ ነው። የመጠጥ ውሃውን ቧንቧ ከዚህ ጋር እንዳያገናኙብሽ አደራ። የታንከሩን ቦታ ፋውንዴሽን ሳይቆፈር ወስኚ። እኔ ሊሾ አስፈንቅያለሁ።

ፎርማን ከደሴ፦

ጋሼ እውነታቸውን ነው። ሶላሩን በተመለከተ፦ የአገራችን መብራት በአብዛኛው ከውሃ ኃይል ነው። ጭሱና የነዳጅ ወጪው የሚመጣው መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ስታስነሺ ነው። ሶላሩን ለአምፖል፣ ለካሜራና ለካሽ ሬጅስተር አድርጊው። ሊፍት አትጫኚበት፤ ባትሪው ኪስሽን ያራቁተዋል።

ኮስሞቲክሷ፦

አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁንም፣ ጋሼ እርስዎንም። ፕላኑ ገና ማዘጋጃ ቤት አልገባም፤ ደረጃውን ማዞር ይቻላል ማለት ነው። እሁድ ከወንድሞቼ ጋር እንቀመጣለን። ያቺን ሊፕስቲክ አልጣልኳትም፣ ይዣት እሄዳለሁ። ፎርማን፣ የበረንዳው ሁለት ሜትር ከቦታችን ላይ ነው የሚቀነሰው? ታላቅ ወንድሜ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ነው።