ሦስት አባወራ፣ አንድ ግቢ፣ አንድ ጀርመን ሼፐርድ፦ ይሁን ወይስ ይቅር?

መምህሩ (ሆጤ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። እንደምትጨቃጨቁ እያወቅኩ ነው የምጠይቀው። የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ነው፣ በኪራይ። በግቢው ሦስት አባወራ አለን። አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ። ባለፈው ወር ሌባ በቆርቆሮው አጥር ሾልኮ ገባና የጎረቤቴን ጋዝ ሲሊንደር ተሸክሞ ሄደ። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ከአዲስ አበባ የሁለት ወር ጀርመን ሼፐርድ ቡችላ ላምጣልህ አለኝ። በነፃ። እኔና ባለቤቴ ጠዋት ወጥተን አመሻሽ ላይ ነው የምንገባው። ልጆቹ አራትና ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። አከራያችን ሐጂያ እዚያው ግቢ ይኖራሉ። ልቀበል? ወይስ ውሻ ካስፈለገ የሀበሻ ይበቃል? ባለፈው "እንዲህ ያለ ትልቅ ውሻ በጋራ ግቢ ጭራሽ ይከልከል" ያላችሁም ነበራችሁ። ኑ እንግዲህ።

የጢጣው ባለሼፐርድ፦ ተቀበል! ይሄም ይጠየቃል? እኔ ስድስት ዓመት አሳድጌያለሁ። የሀበሻ ውሻ ሌባ ሲያይ ጭራውን ይቆላል። አጥንት ከጣሉለት አጅቦ ያስገባዋል። የኔው ግን የቤተሰቡን ኮቴ ይለያል። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ገና ከአስፋልቱ ስትታጠፍ በሩ ላይ ቆሟል። ብርድ ደግሞ አያውቅም። ፀጉሩ ድርብ ነው። የደሴ ሐምሌ ለእሱ ምንም ነው።

ባለባጃጁ (ሰኞ ገበያ)፦ አቦ የሀበሻን ውሻ ስም አታጥፋ! የኛን ቡቺን ማን አሠለጠናት? ማንም። ጅብ ከጦሳ ሲወርድ ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት። ለጅብ አንድ ዓይነት ጩኸት አላት፣ ለሰው ሌላ፣ ለኔ ባጃጅ ደግሞ ሌላ። እናቴ ከአልጋዋ ሳትነሳ ትለየዋለች። "ጅብ ነው፣ ተኙ" ትለናለች። የምትበላው የተረፈ እንጀራ በወጥ ነው። ያንተ ውሻ ግን ከልጆቼ የተሻለ ሥጋ ይበላል መሰለኝ።

የጢጣው ባለሼፐርድ፦ ልፋጭ ነው የምገዛለት። ለሥጋ ገንዘብ አላወጣም።

ዶክተሩ (ኮምቦልቻ፣ የእንስሳት ሐኪም)፦ መምህር፣ ዝርያውን እናቆየውና አንድ ነገር ይመልሱልኝ። ቡችላው ቀኑን ከማን ጋር ይውላል? ጀርመን ሼፐርድ ሲጀመር ለአጥር ጥበቃ የተዘጋጀ ውሻ አይደለም። ፎን ሽቴፋኒትስ የሚባል የቀድሞ የጀርመን ፈረሰኛ መኮንን በ1899 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ሲያስመዘግብ ያሰበው ቀኑን ሙሉ ከበግ ጋር የሚሮጥ፣ እረኛውን የሚሰማ ውሻ ነው። የስሙም ትርጉም የጀርመን እረኛ ውሻ ነው። ሥራ ካላገኘ ለራሱ ሥራ ይፈጥራል። ጫማ ይበላል፣ ከገመዱ ላይ ልብስ ያወርዳል፣ ባለፈ ባገደመው ላይ ይጮኻል። ወንዱ ሲያድግ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል። በቀን እስከ ሁለት ሰዓት መንቀሳቀስ ይፈልጋል። በሰንሰለት ዙሪያውን መዞር እንቅስቃሴ ተብሎ አይቆጠርም።

ባለባጃጁ፦ እረኛ ከሆነማ ወረኢሉ ውሰዱትና በግ ይጠብቅ። ሆጤ ምን ያደርጋል!

የጢጣው ባለሼፐርድ፦ ዶክተር፣ ይቅርታዎን፣ አልስማማም። የኔ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል። ስድስት ዓመት ሙሉ ምንም አልሆነ። ደሴ ላይ ውሻ ይዞ ሽርሽር የሚወጣ ማን አለ? ሰው ራሱ መች ተንቀሳቀሰ!

ዶክተሩ፦ ጠዋት ከተኛበት ሲነሳ የኋላ እግሮቹ እንዴት ናቸው?

የጢጣው ባለሼፐርድ፦ ትንሽ ያነክሳል። ብርድ ይመስለኛል።

ባለባጃጁ፦ የደሴ ብርድ ለእሱ ምንም ነው ብለህ አልነበር እንዴ?

ዶክተሩ፦ ብርድ ላይሆን ይችላል። በዚህ ዝርያ ላይ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር በዘር ይወርዳል። አጥንቱ በጉድጓዱ ውስጥ በደንብ አይቀመጥም፣ እየተፋጨ ይቆያል። ሲሮጥ ሁለቱን የኋላ እግሮች አንድ ላይ አድርጎ እንደ ጥንቸል ይዘላል? ደረጃ መውጣት ጀምሮ ይተወዋል? እንዲህ ከሆነ ያምጡትና ልየው። እስከዚያው እንዳይወፍር። መምህርም ወንድምዎን ይጠይቁልኝ፤ የቡችላውን እናትና አባት አይቷቸዋል? ካላያቸው ዕጣ ነው የሚያወጡት። "ጆሮው ከቆመ ንጹሕ ነው" የሚባለውን አልቀበልም። ጆሮ ብዙውን ጊዜ የሚቆመው ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ነው። በሁለት ወሩ ቡችላ የሚሸጥልዎ ሰው ጆሮውን ገና አላየውም።

የሳላይሿ እናት፦ እኔ ዝርያ ምናምን አይገባኝም። ልጄን የነከሳት የሀበሻ ውሻ ነው። የጎረቤት፣ በስሙ የምንጠራው። እሷም በስሙ ጠርታ ነው ያቀፈችው። ፊቷን። ባለቤትየዋ ሮጣ መጥታ ቡና ነሰነሰችበት። ክትባት አለው ወይ ስላት "ከግቢ አይወጣ፣ ምን ያደርግለታል" አለችኝ። መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ መድኃኒቱ አልቋል አሉን። ማታ ልጄን አዝዬ፣ በሞባይል መብራት፣ ሌላ ቦታ ፍለጋ። ያቺን ሌሊት ለጠላቴ አልመኛትም። እናንተ እዚህ ስለ ጆሮ መቆም ታወራላችሁ።

መምህሩ፦ እህቴ አይዞሽ። አሁን እንዴት ናት?

የሳላይሿ እናት፦ ደህና ናት፣ ይመስገነው። ቅንድቧ ላይ ጠባሳው አለ። ውሻ ሲጮኽ ግን እስካሁን ቀሚሴ ውስጥ ትገባለች።

ዶክተሩ፦ እህታችን የተናገሩት ከሁላችንም ይበልጣል። ቡና አይነስነስበት፣ ነጭ ሽንኩርትም አይቀባ። ቁስሉ በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ይታጠብ። በስልክ ሰዓት ያዙ፣ 15 ደቂቃ ከምታስቡት ይረዝማል። ከዚያ በቀጥታ ለክትባት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ አንዴ ከታየ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ወደ ሰው ከሚተላለፈው እስከ 99 በመቶው ከውሻ ነው። ውሻው የሀበሻም ይሁን የጀርመን በሦስት ወሩ ይከተባል፣ ከዓመት በኋላ ይደገማል።

ስለ አራት ዓመቱ ልጅም ልበል። ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ሳይናገር አይነክስም። ልጅ አንገቱን ስታቅፈው ፊቱን ያዞራል። የሚበላ ነገር ሳይኖር ከንፈሩን ይልሳል። የዓይኑ ነጭ በጎን በኩል ይታያል። ሰውነቱ ይደርቃል። እኛ "እንዴት ይዋደዳሉ" ብለን ፎቶ እናነሳለን። ሲያጉረመርም ደግሞ እንመታዋለን፣ ስለዚህ ማጉረምረሙን ይተውና በቀጥታ ይነክሳል። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ከየትኛውም ውሻ ጋር ብቻውን አይተውም።

የፒያሳው ጠበቃ፦ ሕጉንም እወቁት። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2071 ላይ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። በድንገት አምልጦህ ቢሆንም፣ እንዲህ ያደርጋል ብለህ ባትገምትም። "በር ክፍት ትተውት ነው" ብሎ ጎረቤት ላይ ማሳበብ አያዋጣም። በሦስት አባወራ ግቢ ደግሞ በሩን የሚተወው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሁሉም።

ባለባጃጁ፦ በር ላይ "ኃይለኛ ውሻ አለ" ብዬ ብጽፍስ?

የፒያሳው ጠበቃ፦ የአራት ዓመት ልጅ አያነብም።

የሸዋበሯ፦ አንድም ሰው ሐጂያን አላነሳም። እኛ ቤት አያቴ ውዱእ አድርጋ ስትወጣ ውሻ በምላሱ ከነካት ተመልሳ መታጠብ ነው። ዕቃ ከላሰ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱ በአፈር። በአንድ ቧንቧ፣ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር! ውሻ ክልክል ነው እያልኩ አይደለም። ለእረኝነትና ለአደን ፈቃድ አለ፣ ለጥበቃም በዚያው ነው የሚያዘው። ግን ያልሠለጠነ 35 ኪሎ ቡችላ ሰው ላይ ዘሎ ይወጣል እኮ። ሳትጠይቃቸው እንዳታስገባ።

መምህሩ፦ ልክ ነሽ። ዛሬ ማታ እጠይቃቸዋለሁ። እስከዚያ ባለቤቴ "ለምን ትንሿን ፀጉራም ውሻ አናመጣም" ትላለች።

ዶክተሩ፦ ለማስጠንቀቂያ ትንሽም ውሻ ይበቃል፣ ሌባ የሚሸሸው ጩኸትን ነው። ፑድል ዓይነቱ ግን ፀጉሩ ካልተቆረጠና ካልተበጠረ እንደ ጆንያ ይጠቀለላል። ደግሞ ለደሴ ክረምት ውጭ የሚያድር አይደለም።

የኮምቦልቻው ነጋዴ፦ ሀስኪስ? ዓይኑ ሰማያዊ የሆነው። መጋዘኔ ላይ ባስረው ያምርብኛል።

ዶክተሩ፦ የኔ ጌታ፣ እሱ በሳይቤሪያ በረዶ ላይ ተንሸራታች የሚጎትት ውሻ ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ውሻ ላብ የሚያወጣው ከእግሩ መዳፍ ብቻ ነው፣ ሙቀቱን የሚያወርደው በማለክለክ ነው። በሚያዝያ ከቆርቆሮ መጋዘን በር ላይ ያስሩታል? ይተውት።

ባለባጃጁ፦ በቃ፣ የሀበሻ ውሻ አሸነፈ! ዲቃላ ቢሆንም።

ዶክተሩ፦ ዲቃላ አትበላት። እናንተ ዝርያ የምትሏቸው አብዛኞቹ በአውሮፓ ባለፉት 200 ዓመታት ገደማ ተመርጠው የወጡ ናቸው። ያንተ ቡቺ ከእነሱ ተደባልቃ የመጣች አይደለችም። ዘሯ ከዚያ በፊት እዚሁ የነበረ ነው። ማንም እየመረጠ ስላላዋለዳት በዘር የሚወርድ የአጥንት በሽታ ብዙ አይታይባትም። አሸነፈች ለማለት ግን አትቸኩል። ወጡን ነው የምትሰጣት ያልከው?

ባለባጃጁ፦ አዎ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ወጥ ስትበላ።

ዶክተሩ፦ ሽንኩርት፣ ነጭም ቀይም፣ ለውሻ መርዝ ነው። የደሟን ቀይ ህዋስ ይሰብራል። ትንሽ በትንሽ ስለሆነ አላየኸውም። ድድዋን ገለጥ አድርገህ እየው፣ ነጣ ካለ አምጣት። እንጀራውን ወጥ ሳይነካው ስጣት። የተቀቀለ አጥንትም ተው፣ ተሰንጥቆ አንጀት ይበሳል።

ከሁሉ የባሰው ግን ዓረፋና ፋሲካ ነው። በጉ ሲታረድ ውኃ የቋጠረውን ጉበትና ሳንባ "ይሄ አይበላም" ብለን ለውሻው እንወረውራለን። ከረጢቱ ውስጥ ያለው የትል እጭ ነው። በውሻው አንጀት ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ፀጉሩ ላይ ይጣበቃል። ልጅ ውሻውን ደባብሳ እጇን ሳትታጠብ ስትበላ ያው የውኃ ከረጢት በእሷ ጉበት ላይ ያድጋል፣ ለዓመታት፣ ዝም ብሎ። ስለዚህ ያ ጉበት ይቀበር። ውሻውም የትል መድኃኒት በየጊዜው ይውሰድ።

ባለባጃጁ፦ ያረህማን! ባለፈው ዓረፋ በገዛ እጄ ነው የሰጠኋት።

ከቦረና ሳይንት፦ ከሩቅ አንድ ነገር ልጨምር። የከተማ ሰው ውሻው ሲያድግበትና ቀለቡ ሲከብደው "ገጠር ዘመድ ጋ ሄዶ ይሩጥ" ብሎ በአውቶቡስ ይልክብናል። ሳይከተብ። እኛ ጋ ፓርኩ ውስጥ ቀይ ቀበሮ አለ። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀበሮዎች 500 እንኳ አይሞሉም፣ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ ናቸው። ከሚጨርሷቸው ነገሮች አንዱ ከውሻ የሚይዛቸው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የማትችሉትን አታምጡ፣ ካመጣችሁ እኛ ላይ አትጣሉ።

የጢጣው ባለሼፐርድ፦ ሁላችሁም ሼፐርዱን ጭራቅ አደረጋችሁት። ችግሩ የግቢው ጥበት ነው እንጂ ውሻው ምን በደለ? ይከልከል የምትሉት ደግሞ አይገባኝም። የሳላይሿን ልጅ የነከሳት የሀበሻ ውሻ ነው፣ እሱም ይከልከል?

የሳላይሿ እናት፦ ያልተከተበው ይከልከል። ከየት መጣ አልልም።

መምህሩ፦ ሐጂያን አነጋገርኳቸው። ቡና እያፈሉ ነበር፣ እስከ በረካው ዝም ብለው ሰሙኝ። እኔ የሃይማኖቱን ጉዳይ ያነሱብኛል ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። እሳቸው ያሉኝ ይሄን ነው። "ልጄ፣ በር ላይ ከሆነ ለኔ ግድ የለም። እናንተ ሦስታችሁም ጠዋት ትወጣላችሁ። ቀን ግቢው ውስጥ የምቀር እኔ ነኝ። ሲጮኽ የምሰማው፣ ውኃ ሲደፋ የምቀዳለት፣ ሽንት ቤት ልሄድ ስል በአጠገቡ የማልፈው እኔው። በዚህ ጉልበቴ ገፍቶ ቢጥለኝ ማን ያነሳኛል?" መልስ አልነበረኝም። ዶክተር መጀመሪያ የጠየቁኝን ነው በሌላ አፍ የጠየቁኝ።

የሸዋበሯ፦ አላልኩህም!

መምህሩ፦ አላልሽም። አንቺ ያልሽው ውዱእ ነው።

መምህሩ፦ ቀጥለው ደግሞ ምን አሉ መሰላችሁ? "ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል፣ የኛ ቀዳዳ ግን ውሻም አላስፈለገውም። መጀመሪያ ቆርቆሮውን እንምታው።" የምስማሩንና የቆርቆሮውን ግማሽ እሳቸው ሊችሉ፣ ቀሪውን እኛ ልንካፈል ተስማማን። በሩ ላይ አምፖልም ይገባል። ለወንድሜ ደውዬ ይቅር አልኩት። ተቀይሞኛል። ትልቁ ልጄም አኩርፎ እራት አልበላም።

የጢጣው ባለሼፐርድ፦ ወንድምህ ቡችላውን ለሌላ ካልሰጠ ቁጥሩን በውስጥ መስመር ላክልኝ። ግቢዬ ሰፊ ነው፣ ቤት የሚውል ሰውም አለኝ። ግን እናቱንና አባቱን ካየሁ በኋላ ነው። ዶክተር፣ ሰኞ ትልቁን ይዤው ሐረጎን እወርዳለሁ። ዛሬ አየሁት፣ እንደ ጥንቸል ነው የሚዘለው።

ዶክተሩ፦ ጠዋት ይምጡ። ቁርስ አይስጡት፣ ጠመዝማዛው መንገድ ላይ ያስመልሰዋል።

ባለባጃጁ፦ መምህር፣ አጥሩ ካለቀ በኋላ... የቡቺ ልጅ ወልዳለች። አራት። ዓይናቸውን ትናንት ገለጡ። አንዷ የጭራዋ ጫፍ ነጭ ነው። ለልጅህ ፎቶውን ልላክለት?

መምህሩ፦ እንዳትልክ! ሐጂያን ሳልጠይቅ እንዳትልክ።

ዶክተሩ፦ ማንም ቢወስዳት ሁለት ወር ሳይሞላት ከእናቷ እንዳትለያት።

ባለባጃጁ፦ ልኬዋለሁ እኮ።