ቤንች (በጀርባ ተኝቶ ብረት ወደ ላይ መግፋት) ስሰራ ቀኝ ትከሻዬን አመመኝ፤ ወጌሻ ጋ ልሂድ ወይ?

ጠያቂ (ማራኪ፣ ጎንደር)፦ ሰላም ለዚህ ቤት። 24 ዓመቴ ነው። ከጓደኞቼ ጋር ግቢያችን ውስጥ ብረት መስራት ከጀመርን አራት ወራችን ነው። ብረቱን ራሳችን ነን የሰራነው፤ ሁለት የቀለም ቆርቆሮ ሲሚንቶ ሞልተን ከውሃ ቧንቧ ጫፍና ጫፍ ላይ አደረቅነው። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ቀኝ ትከሻዬን ከፊት በኩል ይወጋኛል። እጄን ወደ ጎን ሳነሳ መሀል ላይ ሲደርስ ያመኛል፣ ካለፈ በኋላ ደግሞ ቀለል ይላል። በቀኝ ጎኔ መተኛትማ አልተቻለም። እናቴ ወጌሻ ጋ ሄደህ ታሽ ትለኛለች። ለጊዜው ዲክሎፌናክ የሚባል የህመም ማስታገሻ እየዋጥኩ እሰራለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የአዘዞው፦ ወንድሜ፣ ኪኒን ውጦ መስራቱን ዛሬውኑ ተው። ህመሙን ይደብቅልሃል እንጂ ጉዳቱን አያቆመውም፣ ጨጓራህንም ይልጠዋል። እኔ እንደዛ አድርጌ ሦስት ወር ሙሉ ጋቢ ትከሻዬ ላይ መጣል እንኳን አቅቶኝ ነበር። ለመሆኑ ብረቱን ስታወርድ ክርንህ የት ነው?

ጠያቂ፦ ወደ ጎን ተዘርግቶ፣ ከትከሻዬ እኩል። ብረቱም የሚያርፈው አንገቴ አጠገብ ነው። ደረት የሚያወጣው እንደዛ ነው ብለውኝ።

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፦ ሳላይህ ይሄ ነው ብዬ አልደመድምም፤ የነገርከን ግን ብዙ ይናገራል። ትከሻን አጥብቀው የሚይዙ አራት ትንንሽ ጡንቻዎች አሉ። ክርንህን 90 ዲግሪ ዘርግተህ ከባድ ነገር ስትገፋ የእነሱ ጅማት ላይ ጫና ይበዛል። እጅ ከ60 እስከ 120 ዲግሪ ሲነሳ የሚያም፣ ከዚያ የሚለቅ ህመም ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው የሚመጣው። አሁን ቤንችም ሆነ ከራስ በላይ መግፋት አቁም። እጅህን ግን አንገትህ ላይ አስረህ አታስቀምጠው፣ ትከሻው ይደርቃል፤ በማያምህ ልክ አንቀሳቅሰው። ስትመለስ ክርንህን ወደ ጎንህ ሰብሰብ አድርገው፣ ከ45 እስከ 60 ዲግሪ ይበቃል። ብረቱ ጡትህ መስመር ላይ ይረፍ፣ ብራኳዎችህን (ከትከሻህ በስተኋላ ያሉትን ሰፋፊ አጥንቶች) ወደ ኋላ ሰብስበህ አግዳሚው ላይ ትከላቸው።

ወጌሻ ስላልከው ደግሞ፣ እናትህን አከብራለሁ፣ ግን የቆሰለ ጅማት ሲታሽና ሲጎተት ሊብስበት ይችላል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ክፍል አለ፣ እዛ ታይ። ክንድህን በራሱ ጉልበት ማንሳት ካቃተህ፣ ጣትህ ከደነዘዘ ወይም የትከሻህ ቅርጽ ከተለወጠ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፣ በዚያው ቀን ሂድ።

አሰልጣኟ ከፒያሳ፦ ክርኑ እውነት ነው፣ እኔን ግን ያ ቆርቆሮ አሳስቦኛል። በእጅ የተሞላ ሲሚንቶ እኩል አይሆንም፤ አንዱ ጠጠር ይበዛበታል፣ አንዱ አሸዋ። ከዚያ ብረቱ ወደ አንድ ወገን ያጋድልና ያንኛው ትከሻ ብቻውን ሲታገል ይከርማል። የቧንቧውን መሀል በሜትር ለኩና በገመድ አንጠልጥሉት። የቱ እንደሚወርድ እዩ።

ጠያቂ፦ አሁን አንጠለጠልነው። ቀኙ ወረደ! ግራው ቆርቆሮ ላይ ሁለት ሊትር ውሃ የሞላ ሃይላንድ ስናንጠለጥል ነው የተስተካከለው። ሁለት ኪሎ ማለት ነው። ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ቆርቆሮውን ነገ እንሰብረዋለን። ማክሰኞ ሆስፒታል እሄዳለሁ፣ እናቴም አብራኝ ትመጣለች።