የሁሉም አባል ስልክ 2147483647 ሆነ፤ ይህ ቁጥር ምንድን ነው?

ዘሪሁን_አዳማ
ሰላም ለቤቱ። የሰፈራችንን ዕድር የአባላት መዝገብ ተረክቤ እያስተካከልኩ ነው፤ ማይኤስኪውኤል በሚባል የዳታቤዝ ፕሮግራም የተሠራ ነው። ስልኮቹ በ251 ጀምረው ነው የገቡት፤ አሁን ግን የሁሉም አባል ስልክ 2147483647 ይላል። ለ2፣ ለ3፣ ለ7 ላካፍለው ሞከርኩ፣ እምቢ አለኝ። ፕራይም (ከ1 እና ከራሱ በቀር እኩል የሚያካፍለው የሌለ) ይሆን እንዴ? ከየትስ መጣ?

ኮደሩ
የስልኩ ኮለም (ዓምድ) «ኢንት»፣ ማለትም ሙሉ ቁጥር፣ ተብሎ ነው የተፈጠረው። ኢንት 32 ቢት (0 ወይም 1 የሚጻፍበት ቦታ) ነው፤ አንዱ ለፕላስና ማይነስ ይሄዳል፣ በ31ዱ የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር ይኸው ነው። በ251 የሚጀምር ስልክ 12 አሃዝ ስለሆነ አይገባለትም። የቆየ ሰርቨር ደግሞ ስህተት ሳይል ጣሪያው ላይ ያቆመዋል። ቫርቻር (ጽሑፍ የሚይዝ ዓይነት) አድርገው። የጠፉትን ከባካፕ ወይም ከወረቀት መዝገቡ ካልሆነ አታገኛቸውም።

መምህር_ከደሴ
ፕራይም ነው ዘሪሁን! 2³¹ − 1 ማለት ነው። ለተማሪዎቼ ሁሌ የማነሣው ቁጥር ስለሆነ ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። የሒሳብ ሊቁ ሊዮናርድ ኦይለር ነው በ1772 (እ.ኤ.አ.) ያረጋገጠው፤ ያኔ ዓይኑ ጨርሶ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር።

የስኩዌር ሩቱ 46340 ገደማ ስለሆነ፣ እስከዚያ ድረስ አካፋይ ካልተገኘለት ፕራይም ነው። 46 ሺህ ቁጥር ማን ይሞክራል? ኦይለር ግን አስቀድሞ አበጠራቸው። ይህን ቁጥር የሚያካፍል ፕራይም ካለ፣ ለ62 ሲካፈል 1 መትረፍ አለበት፤ ለ8 ሲካፈል ደግሞ 1 ወይም 7። ሁለቱን ስታጣምር፣ ለ248 ሲካፈሉ 1 ወይም 63 የሚተርፋቸው ብቻ ይቀራሉ። ቢበዛ 372 ሙከራ! አንዱም እኩል አላካፈለውም። ለእኔ ከመልሱ ይልቅ ይህ ማበጠሩ ነው ሒሳብ።

ዘሪሁን_አዳማ
መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ ጣሪያ ያደረጉት ፕራይም ስለሆነ ነው?

መምህር_ከደሴ
አይደለም፣ አጋጣሚ ነው። የ64 ቢቱን ጣሪያ 9223372036854775807ን ለ7 አካፍለው፤ እኩል ይወጣል። እሱ 2⁶³ − 1 ነው፤ 63 ለ3 ስለሚካፈል፣ ቁጥሩ ለ2³ − 1 ማለትም ለ7 መካፈሉ አይቀርም። 31 ግን ራሱ ፕራይም ነው። ይህም ብቻውን ዋስትና አይሆንም፦ 11 ፕራይም ነው፣ 2¹¹ − 1 = 2047 ግን 23 ሲባዛ በ89 ነው።

ኮደሩ
ዘሪሁን፣ መዝገቡ ውስጥ «ታይምስታምፕ» የሚል የቀንና የሰዓት ኮለም ካለም እየው፤ እሱም እዚህ ጣሪያ ላይ ይቆማል። ጊዜን ከ1970 (እ.ኤ.አ.) መግቢያ ጀምሮ በሰከንድ የሚቆጥሩ ባለ 32 ቢት ሲስተሞች እዚሁ ቁጥር ላይ የሚደርሱት ጥር 11 ቀን 2030፣ በጥምቀት ዕለት፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው። ኮለሙን «ዴትታይም» ካደረግከው ከዚያ በኋላ ያለውንም ቀን ይይዛል።