ኤፕሪል ላይ ጃፓን ለምትገቡ ተማሪዎች፦ መጀመሪያ የትኛው ወረቀት?

ሰላም ወገኖች፣

ኤፕሪል እየቀረበ ነው። በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄም ያው አንድ ዓይነት ሆኗል። ለእያንዳንዱ ለብቻ ከምመልስ እዚህ አንድ ላይ ልጻፈው። ቆየት ያላችሁ ደግሞ የጎደለውን ሙሉበት።

አብዛኛው ሰው የሚጨነቀው ስለ ቋንቋና ስለ ብርድ ነው። እሱስ ይለመዳል። የመጀመሪያውን ወር የሚያከብደው ወረቀት ነው። አድራሻ ሳይመዘገብ ስልክ ማውጣት ጣጣ ነው። ስልክ ከሌለ ባንኩ ያስቸግራል። ባንክ ከሌለ ደግሞ የስኮላርሺፕ ገንዘብ የሚገባበት የለም። ተራውን ከጠበቃችሁ ሁሉም በጊዜው ያልቃል። ካልጠበቃችሁ ግን "ለዛሬ ይለፍ" የሚል ሰው አታገኙም። ትህትናቸው ሌላ፣ ደንባቸው ሌላ።

ከኤርፖርት እንጀምር። በናሪታ፣ በሃኔዳ ወይም በካንሳይ ከገባችሁ የመኖሪያ ካርዳችሁ እዚያው ኢሚግሬሽን መስኮት ላይ ታትሞ ይሰጣችኋል። ዛይሪዩ ካርድ የሚሉት እሱን ነው። ከኪሳችሁ መለየት የለበትም፤ ፖሊስ ሲጠይቅ ማሳየት ግዴታ ነው። እዚያው መስኮት ላይ ብዙ ልጆች በድካም ብዛት የሚያልፉት ሌላ ወረቀት አለ፤ የትርፍ ጊዜ ሥራ ፈቃድ ማመልከቻ። ቅጹን አስቀድማችሁ አትሙና ሞልታችሁ ቅረቡ። ፈቃዱ ካርዱ ጀርባ ላይ ይመታል። ያኔ ካመለጣችሁ ኢሚግሬሽን ቢሮ ድረስ ሄዳችሁ ወረፋ መያዝ ነው፣ ከዚያም መጠበቅ። ክፍያ የለውም፤ ሥራ ባታስቡም ውሰዱት።

ሻንጣ ላይ አንድ ነገር ልበል። እናት ቋንጣ ሳትቋጥር አትሸኝም። ግን ቋንጣውን እዚያው ብሉት። የኳራንቲን ሰርተፊኬት የሌለው የሥጋ ውጤት ትንሽም ቢሆን ክልክል ነው፣ ቅጣቱም ቀልድ አይደለም። ሐኪም ያዘዘላችሁን መድኃኒት ከአንድ ወር በላይ የሚበቃ የምትይዙ ከሆነም ከመነሳታችሁ በፊት ከጃፓን ጤና ሚኒስቴር የማስገቢያ ማረጋገጫ መያዝ ያስፈልጋል።

ቤት ከገባችሁ በኋላ በ14 ቀን ውስጥ አድራሻ ማስመዝገብ አለባችሁ። ቦታው እንደ ከተማው ኩያኩሾ ወይም ሺያኩሾ ይባላል፤ የኛ ቀበሌ በሉት። እዚህ ላይ የኛ ሰው ስም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በቅርቡ አንድ አዲስ ልጅ ይዤ ሄጄ ነበር። ሠራተኛዋ ፓስፖርቱን ገለጠችና "የቤተሰብ ስም" የሚለው ላይ ጣቷን አሳረፈች። ያለው የአያቱ ስም ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በክሊኒኩም በባንኩም በአያቱ ስም ነው የሚጠራው። አያቱ ሲጠሩ እሱ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ እኔ በክርኔ እጎሽመዋለሁ።

ይህ አይቀየርም፤ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ነው የሚመዘገበው። በእጃችሁ ያለው በካታካና፣ ማለትም የውጭ ስም በሚጻፍበት የጃፓን ፊደል፣ የሚሆነው አጻጻፍ ነው። ለ"ጸ" እና ለ"ቀ" የሚሆን ፊደል ስለሌላቸው አንዱ ቢሮ አንድ ዓይነት፣ ሌላው ሌላ ዓይነት አድርጎ ይጽፈዋል። ጃፓንኛ በሚችል ሰው አንድ አጻጻፍ አስወስኑ። በወረቀት ያዙትና በየቢሮው ያንኑ አሳዩ። የባንክ ዝውውር የሚሄደው በካታካና ስም ነው። አንድ ፊደል ከተለየ ገንዘቡ ሊመለስ ይችላል።

ቅጾቹ ላይ ዓመት የሚጻፈው ብዙ ጊዜ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ነው። ያሁኑ ዘመን ሬይዋ ይባላል። ሬይዋ 1 በፈረንጆቹ 2019 ነበር፤ 2026 ሬይዋ 8 ነው ማለት ነው። የልደት ቀኑን ከኛ ወደ ፈረንጅ ሲቀይር ላደገ ሰው ሦስተኛ ካላንደር ተጨመረበት እንጂ አዲስ አይሆንበትም።

አድራሻው እንዳለቀ ከዚያው ሕንፃ አትውጡ። የጤና መድኅኑ መስኮት አለ። ሕክምና ስትሄዱ የምትከፍሉት 30 በመቶ ብቻ ነው። ጃፓን ውስጥ ባለፈው ዓመት ገቢ ስላልነበራችሁ ወርሃዊ መዋጮው ዝቅ ይላል። ቅናሹ እንዲቀጥል ግን ገቢ ባይኖራችሁም በየዓመቱ "ገቢ የለኝም" ብላችሁ ማሳወቅ አለባችሁ። ቀጥሎ የጡረታው መስኮት። 20 ዓመት የሞላው ሁሉ ይመዘገባል፤ መዋጮው በወር ከ17 ሺህ የን በላይ ነው። ተማሪ ስለሆናችሁ ክፍያው እንዲቆይላችሁ አመልክቱ፣ በየዓመቱም አድሱት። ፖስታውን መሳቢያ ውስጥ እየከተተ የሚረሳ ልጅ አይጠፋም። ያልተከፈለ መድኅንና ጡረታ ቪዛ ሲታደስ፣ በተለይ በኋላ የሥራ ቪዛ ሲጠየቅ፣ ይነሳል።

ሐኪም ቤትን በተመለከተ፣ ራስ ምታት ሲይዛችሁ ትልቁ ሆስፒታል አትሩጡ። ያለ ሪፈር ትልልቆቹ ሆስፒታሎች ከሕክምናው ሌላ 7 ሺህ የንና ከዚያ በላይ ያስከፍላሉ። መጀመሪያ ሰፈር ክሊኒክ ወይም የዩኒቨርሲቲው ጤና ማዕከል ሂዱ። የምር ድንገተኛ ከሆነ 119 ደውሉ፤ አምቡላንሱ አያስከፍልም። 110 ፖሊስ ነው።

ባንክ። አብዛኞቹ ባንኮች አገር ውስጥ 6 ወር ላልሞላው የውጭ ዜጋ ሙሉ አገልግሎት አይሰጡም። ብዙ ተማሪ የሚጀምረው በፖስታ ቤቱ ባንክ፣ በዩቾ ነው። የመኖሪያ ካርዳችሁ ሲታደስ ለባንኩም አሳውቁ፣ አለዚያ ሂሳቡ ሊታገድ ይችላል። ትምህርት ጨርሳችሁ ስትወጡ "ሂሳብህን ሽጥልኝ" የሚል ሰው ከመጣ ሽሹ። ወንጀል ነው፤ የሸጠውም ይጠየቃል።

ገንዘብ ላይ ግልጽ ልሁን። በሞንቡሾ (በጃፓን መንግሥት ስኮላርሺፕ) የምትመጡ ልጆች አበሉ በገባችሁ ማግስት አይደርስም። የጃፓን መንግሥት ራሱ 2 ሺህ ዶላር ገደማ ይዛችሁ ኑ የሚለው ለዚህ ነው። አገር ቤት ያንን ዶላር ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ከዘመድም ከእቁብም አሰባስባችሁ የተወሰነ ያዙ። በየወሩ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ቢሮ ቀርባችሁ መፈረም አለ፤ ያልፈረመ የዚያን ወር አበል አያገኝም።

ቤት በተመለከተ የዩኒቨርሲቲው ዶርም ከደረሳችሁ አታመንቱ፣ ጠባብም ቢሆን። ውጭ ስትከራዩ ተያዥ ገንዘብ፣ ለአከራዩ የማይመለስ "ስጦታ"፣ የደላላ ክፍያና የዋስ ኩባንያ ክፍያ ሲደማመር ከ4 እስከ 5 ወር ኪራይ አንዴ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። ዩአር የሚባሉት የመንግሥት አፓርታማዎች ስጦታም ዋስም አይጠይቁም፤ ግን የገቢ ወይም የቁጠባ ማስረጃ ይፈልጋሉ። ባዶ ቤት ማለት እዚህ የምር ባዶ ነው፤ ምድጃ የለ፣ አንዳንዴ አምፖልም የለ። ማርች ላይ የሚመረቁ ልጆች ዕቃቸውን በነጻ ይሰጣሉ፤ ትልቅ ዕቃ ለማስጣል ስለሚከፈልበት ወሳጅ ሲያገኙ ደስታቸው ነው። ቆሻሻውን በዓይነት ለይታችሁ፣ በቀኑ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት (በነሱ 8 መሆኑ ነው) አውጡ። የተሳሳተው ከረጢት ተለጣፊ ተደርጎበት እዚያው ይቀራል፣ ጎረቤትም ያያል።

ሥራ በሳምንት 28 ሰዓት ነው። ሁለት ቦታ ከሠራችሁ ድምሩ ነው የሚቆጠረው። በረጅሙ እረፍት ብቻ በቀን 8 ሰዓት ይፈቀዳል። ፓቺንኮ (የቁማር ማሽን) ቤትና የምሽት መዝናኛ ቤቶች ሳህን ለማጠብ እንኳ አይፈቀዱም። የቶኪዮ ዝቅተኛ ደመወዝ ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ በሰዓት 1,226 የን ስለሆነ ያጓጓል። ቀጣሪው "ማንም አያውቅም" ቢላችሁ አትመኑት፤ የግብር ወረቀቱ ይናገራል።

ላቦራቶሪው የመጨረሻ ነጥቤ ነው። ኬንኪዩሴይ (የምርምር ተማሪ) ሆናችሁ የምትመጡ፣ ገና የማስተርስ ተማሪ አይደላችሁም። መግቢያ ፈተናውን ማለፍ አለባችሁ፤ ስኮላርሺፕ መያዝ ፈተናውን አያስቀርም። ፕሮፌሰሩ ዝም ካለ ሁሉ ነገር ደህና ነው ብላችሁ አትተኙ። እኔ ያየኋቸው ከፕሮፌሰራቸው ጋር የተጣሉት ልጆች አብዛኞቹ ሰነፎች አልነበሩም፤ ችግራቸውን ዘግይተው የተናገሩ ናቸው። ማሽን ቢበላሽ፣ ብትታመሙ፣ አገር ቤት መሄድ ብትፈልጉ አስቀድማችሁ ንገሩት። መጥፎ ዜና በጊዜው ሲነገር እዚህ አገር ብዙ ይቅር ይባላል።

—

አዲስ ገቢ፣ ከአዲስ አበባ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ጠቃሚ ነው። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ጾም እንዴት ታደርጋላችሁ? ዓሣ የማይነካው ምግብ የለም ሲሉ ሰምቼ ፈራሁ። ደግሞ ፕሮግራሜ ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ጃፓንኛ ሳልችል ብመጣ ምን ይገጥመኛል?

—

ከኪዮቶ፦

የጾሙን እኔ ልመልስ እህቴ። እውነት ነው፣ ሾርባው ሁሉ ከደረቀ ዓሣ በሚሠራ ዳሺ ነው የሚጀምረው። አትክልት ብቻ የሚመስለው ወጥና የኑድል ሾርባው ውስጥም አለ። ዳቦው ውስጥ ወተትና እንቁላል አይጠፋም። በማሸጊያ ላይ የአለርጂ ዝርዝር መጻፍ ግዴታ ስለሆነ የ"ወተት" እና የ"እንቁላል" ካንጂ (ከቻይና የመጣውን ፊደል) ሁለቱን ብቻ አጥኚ፤ ሱቅ ውስጥ በቀን አስር ጊዜ ይጠቅሙሻል። ዓሣ ግን በግዴታው ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ከጥቃቅኑ ጽሑፍ መፈለግ ነው።

ከዚያ ውጪ ለጾመኛ የተመቸ አገር ነው። ቶፉው፣ ናቶው (ሁለቱም ከአኩሪ አተር ነው የሚሠሩት)፣ የባሕር አረሙ፣ ስኳር ድንቹ። የሽምብራ ዱቄትና ምስር የሕንድና የኔፓል ሱቆች ጋ አለ፤ ቶኪዮ ከሆንሽ ሺን ኦኩቦ ሂጂ። ሙስሊም እህት ወንድሞችም ሐላል ሥጋ የሚገዙት እዚያው ነው፤ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ ካፌዎችም ሐላል ሰሃን አላቸው። ወገን ናፈቀኝ ካልሽ ቶኪዮ ውስጥ ካትሱሺካ ወረዳ ዮትሱጊ አካባቢ አበሻ በርከት ይላል።

—

ከሳፖሮ፦

ስለ ብርዱ "ይለመዳል" ብሎ ማለፍ ቶኪዮ ለሚኖር ሰው ቀላል ነው። 😀 ግን አንድ ነገር ላጋልጥ፦ ቤት ውስጥ ከኛ በላይ የሚበርዳቸው እነሱ ናቸው። ሆካይዶ ቤቱ ለብርድ ተብሎ ስለሚሠራ ውስጡ ይሞቃል። ቶኪዮና ኪዮቶ ግድግዳው ስስ ነው። እኛን የሚጎዳን የማሞቂያው ወጪ ነው፤ ቤት ስትይዙ ማሞቂያው በጋዝ ነው በነጭ ጋዝ ብላችሁ ጠይቁ። ክረምት ላይ ለቀናት ከቤት ከራቃችሁ የቧንቧውን ውሃ አፍስሱ፣ አለዚያ በረዶ ሆኖ ይፈነዳል። የበረዶ ጫማ ከአገር ቤት አታምጡ፤ የማያንሸራትተው እዚህ ነው ያለው።

ሌላው ብስክሌት ነው። ከጓደኛ ስትገዙ የፖሊስ ምዝገባው በስማችሁ ይዙር፤ አለዚያ አንድ ማታ ፖሊስ ያስቆማችሁና የተሰረቀ አለመሆኑን ስታስረዱ ታመሻላችሁ። ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ደግሞ ስልክ እያዩ መንዳት 12 ሺህ የን ያስቀጣል።

—

መልስ፣ ጽሑፉን ከጀመረው፦

ጋሼ አትበይኝ እህቴ፣ እዚህ ሁሉም "ሳን" ነው።

ፕሮግራምሽ በእንግሊዝኛ ከሆነ ክፍል ውስጥ አትቸገሪም። ቀበሌው፣ ክሊኒኩና አከራዩ ግን ፕሮግራምሽን አያውቁም። ከመምጣትሽ በፊት ሁለቱን ፊደሎች፣ ሂራጋናና ካታካናን ብቻ ጨርሰሽ ነይ፤ ፊደል ለለመደ ሰው ከባድ አይደለም። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለአዲስ ተማሪ ቱተር ይመድባሉ፤ ለቀበሌውና ለባንኩ ቀን እሱን ወይም እሷን ይዘሽ ሂጂ። እዚህ ሥራ መቅረት ካሰብሽ ግን ጃፓንኛውን ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሪ፤ ኩባንያዎቹ ብዙ ጊዜ ኤን 2 የሚባለውን የጃፓንኛ ፈተና ደረጃ ይጠይቃሉ፣ ቅጥሩም ከምረቃ ከአንድ ዓመት በላይ ቀድሞ ነው የሚጀመረው።

አንድ የረሳሁት፦ ቤት ስትገቡ ጋዙን ለመክፈት ሠራተኛው ሲመጣ እናንተ ቤት መገኘት አለባችሁ። ሳምንት ቀድማችሁ ቀጠሮ ያዙ። የገባችሁበት ቀን አርብ ማታ ከሆነ እስከ ሰኞ በቀዝቃዛ ውሃ ነው።