የዕቅድ ውይይት፦ ለምግብ ቤትና ለመጠጥ ቤት ባለቤቶች የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ

አስተባባሪ፦ ሰላም ወዳጆች። በስብሰባው እንደተባባልነው፣ እኛ በየቤታቸው የምንጫወት ሙዚቀኞች ለባለቤቶች የምናቀርበውን ሐሳብ እዚህ እየተነጋገርን እንቅረጸው። የኔ መነሻ አንድ ገጽ የሥራ ስምምነት ነው። ከአንድ ገጽ ካለፈ በሥራ የተወጠረ ባለቤት አያነበውም። ሰዓት፣ ክፍያ፣ ስረዛና የድምፅ መጠን ዋናዎቹ ይመስሉኛል። የጎደለውን ጨምሩ፣ የበዛውን ቀንሱ።

ኪቦርድ ተጫዋች፦ ከሰዓት እንጀምር። ባለቤቱ የሚያየው የጨዋታውን ሰዓት ብቻ ነው። እኛ ግን ዕቃ ጭነን፣ ገመድ ዘርግተን፣ ሳውንድ ቼክ (የድምፅ ሙከራ) አድርገን ነው የምንጀምረው። ሲያልቅ ደግሞ ሁሉንም ፈተን እንጭናለን። ስለዚህ የመግቢያና የመውጫ ሰዓት ለየብቻ ይጻፍ። እረፍትም ይጻፍ። 45 ደቂቃ ተጫውቶ 15 ደቂቃ ማረፍ ለሁላችንም የሚስማማ ይመስለኛል። ካልተጻፈ ግን «ሰው ሞቅ ብሎታል፣ አታቁሙ» መባል አይቀርም።

ድምፃዊት፦ ልክ ብለሃል ወንድሜ። ለኔ ግን ትልቁ ጉዳይ ስረዛው ነው። ለቅዳሜ ተይዘን ዓርብ ማታ «ነገ ቀርቷል» ተብለን እናውቃለን። ለዚያ ቅዳሜ ሌላ ቤት ጠይቆን እምቢ ብለናል፣ ተለማምደናል፣ መኪና ተከራይተናል። ሐሳቤ ይኸው ነው፦ ቀን ሲያዝ ቀብድ ይከፈል። ከሳምንት በፊት ከሰረዙ ቀብዱ ይመለስላቸው። በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ከሰረዙ ግማሽ ክፍያ፣ በዕለቱ ከሆነ ሙሉውን።

ቤዝ ተጫዋች፦ እስማማለሁ፤ ግን እኛም እንታሰርበት። የአንዱ ጉሮሮ ቢዘጋ ወይም ሰው ቢጎድል ተተኪ የማምጣት ግዴታው የኛ ይሁን። የሙዚቀኞች ማኅበራችን የተተኪዎች ዝርዝር ካለው ይህ ከባድ አይደለም። ባለቤቶች ከኛ የሚፈሩት አንድ ነገር ቢኖር የሞላ ቤት ይዞ ባንድ መቅረቱ ነው። ይህን ካረጋገጥንላቸው ቀብዱን ለመቀበል አይቸገሩም።

ጊታር ተጫዋች፦ የክፍያ ወለልስ? ከዚህ በታች ማንም አይጫወትም ብለን ቁጥር ካልጻፍን ይህ ሁሉ ምን ያደርግልናል? አንዱ ቡድን ዋጋ ሲሰብር ሁላችንም እንወርዳለን።

ሳክስ ተጫዋች፦ ሐሳብህ ይገባኛል፣ ቁጭቱም የጋራችን ነው። ግን እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በብዙ አገር ሕግ፣ ለራሳቸው የሚሠሩ ሰዎች ተሰብስበው ዋጋ ሲወስኑ እንደ ተፎካካሪ ነጋዴዎች ይታያሉ፤ ያ ደግሞ ሊከለከል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2014 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ያየው ጉዳይ የኛው ዓይነት ነበር፤ በኔዘርላንድስ በተተኪነት የሚጫወቱ የኦርኬስትራ ሙዚቀኞች ዝቅተኛ ክፍያ። ፍርድ ቤቱ በእውነት ለራሱ የሚሠራውን እና በስም ብቻ «ለራሱ የሚሠራ» የተባለውን ለየ። የኅብረቱ ኮሚሽን ብቻቸውን ለሚሠሩ ሰዎች በጋራ የመደራደርን በር የከፈተ መመሪያ ያወጣው በ2022 ነው። ስለዚህ ወለሉን የሕግ ሰው አይቶት በኋላ እንጨምረው። አሁን ግን የክፍያውን አቆጣጠር መጻፍ እንችላለን፦ ለጨዋታው፣ ለዕቃው፣ ለትራንስፖርቱ በየፊናው። ክፍያው ሲዘረዘር ዋጋ የሚሰብረው ሰውም ከኪሱ ምን እያወጣ እንደሆነ ያየዋል።

ጊታር ተጫዋች፦ ይሁን፤ ግን «በኋላ» ተብሎ እንዳይረሳ።

ድራመር፦ እኔ በድምፅ ላይ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ጆሮ አንዴ ከተጎዳ አይመለስም። ናዮሽ የሚባለው የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ተቋም የሚመክረው ወሰን 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2፣ 94 ላይ 1 ሰዓት። 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ! አሁን ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከኋላችን ግድግዳ፣ ከፊታችን ሞኒተር (የራሳችንን ጨዋታ የሚያሰማን ስፒከር) ሆኖ ማታ ማታ የምንጫወተውን አስቡት። በወጣት ልጆቻችን ጆሮ ከወዲሁ ጭው ማለት ሲጀምር እያየሁ ዝም ማለት አልችልም። አስተናጋጆቹም ከኛው ጋር ናቸው፤ እነሱን የሚጠይቃቸው ሰው የለም። ማኅበሩ ለሙዚቀኛ የተሠራውን የጆሮ መከላከያ በጅምላ ይግዛልን። እሱ ድምፁን ሳያበላሽ እኩል ይቀንሰዋል፤ የስፖንጁ መከላከያ ግን ቀጭኑን ድምፅ ይበልጥ ስለሚውጠው ሁሉም ነገር ይታፈናል።

ሳውንድ ቴክኒሻን፦ ድራመራችን ያለው ለባለቤቱም ይጠቅማል፤ የምናሳምነውም በዚሁ ነው። ሰው ጫጫታ ሲበዛበት ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ፈረንሳዊው ሐኪም ሎምባርድ እ.ኤ.አ. በ1911 ጽፎታል። እኛ ስንጨምር ጠረጴዛው ይጮኻል፣ ጠረጴዛው ሲጮኽ እኛ እንጨምራለን። መጨረሻ ላይ ትዕዛዝ መስማት ያቅታል፣ እራት ሊበላ የመጣው ሰው በጊዜ ይነሳል። በእራት ሰዓት ዝቅ ብለን ጀምረን ሲመሽ ከፍ ማለት እንችላለን፣ ግን ይህም ቀድሞ ይጻፍ። ስፒከሩ ከሰው ጭንቅላት ከፍ ብሎ ይሰቀል፤ የፊተኛው ጠረጴዛ ሳይደነቁር የኋላው ይሰማል። ባዶ ቤት ሳውንድ ቼክ ያደረግነው ሰው ሲሞላ እንደሚለወጥም ይታወቅ፤ የሰው አካል ቀጭኑን ድምፅ ይውጠዋል። አንድ ነገር ደግሞ፦ መድረኩ ለብቻው የኤሌክትሪክ መስመር ይኑረው። ከወጥ ቤቱ ፍሪጅ ጋር ስንጋራ ወይ ስፒከሩ ይንጫጫል ወይ መብራት ይጠፋል።

አኮርዲዮን ተጫዋች፦ ልጆቼ፣ የዘፈን ደራሲዎችን መብት አትርሱ። እ.ኤ.አ. በ1847 ፓሪስ ውስጥ ኧርነስት ቡርዤ የተባለ ደራሲ ከጓደኞቹ ጋር ካፌ ገብቶ ሙዚቃው ሲጫወት ሰማ። «የኔን ሥራ ሳትከፍሉኝ ትጫወታላችሁ፣ እኔም የጠጣሁትን አልከፍልም» አለ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ ደራሲዎቹም ረቱ። ሳሴም የሚባለው የደራሲዎች ማኅበር በ1851 የተመሠረተው ከዚያ ነው። ክርክሩ የተነሳው እንግዲህ እኛ በምንሠራበት ዓይነት ቤት ነው። ዛሬ በብዙ አገሮች ዘፈን በሕዝብ ፊት ለመጫወት ፈቃድ የሚያወጣውና የሚከፍለው ቤቱ ነው። ስምምነቱ ላይ «ፈቃዱ የቤቱ፣ የተጫወትናቸው ዘፈኖች ዝርዝር የኛ» ተብሎ ይግባ። ዝርዝሩን በታማኝነት ካልሰጠን የፈቃዱ ገንዘብ ለሌላ ሰው ይደርሳል።

ድምፃዊት፦ ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ዝርዝሩን በየማታው መጻፍ የኔ ሥራ ይሁን፤ እስካሁንም ለራሴ እይዛለሁ።

አስተባባሪ፦ እንግዲህ ረቂቁ ውስጥ የመግቢያና የመውጫ ሰዓት፣ እረፍት፣ የክፍያ ዝርዝር፣ ቀብድና ስረዛ፣ የተተኪ ግዴታችን፣ ድምፅና መብራት፣ የዘፈን ዝርዝር ይገባሉ። ወለሉ የሕግ ሰው ጋ ይሄዳል፤ ሳክስ ተጫዋቻችንና ጊታራችን አብራችሁ ያዙት። ድራመራችን የጆሮ መከላከያውን ዋጋ ያጣራ። ረቂቁን እኔ እስከ ሐሙስ እጽፋለሁ።

ቤዝ ተጫዋች፦ አንድ መስመር ጨምርልኝ። ክፍያ በዚያው ማታ፣ ዕቃ ከመጫናችን በፊት ይፈጸም። የሚከፍለው ሰው ስምም ይጻፍ። «ማናጀሩ ወጥቷል» ሲባል ሌሊት ቆመን መጠበቅ ይብቃን።

አስተባባሪ፦ ክፍያው ካለበት መስመር ሥር አስገብቼዋለሁ። ቲፕስ? የቡድኑ ነው ወይስ ከአስተናጋጆች ጋር ይካፈላል? ከሐሙስ በፊት ሐሳባችሁን ጻፉልኝ።