የሐይቅ ዳር ዛፎች ላይከን፦ ማመልከቻው ላይ ምን እንጻፍ?

ጸሐፊ፦ ጤና ይስጥልኝ። የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻችን ረቂቅ እንዲህ ይላል፦ «በሐዋሳ በፍቅር ሐይቅና በአሞራ ገደል ባሉ ሾላዎችና ዋንዛዎች ቅርፊት ላይ የተለጠፈውን ላይከን (ፈንገስና አልጌ ተጣምረው የሚኖሩበትን) በፎቶ እንለያለን።» አርብ ስለሚገባ ቶሎ ሐሳብ ስጡበት።

የባዮሎጂ መምህሩ፦ «በፎቶ» የምትለዋ ትውጣ። ይሄ ቅርፊቱ ላይ ጥብቅ ብሎ የሚለጠፈው ዓይነት ከሩቅ ሲያዩት የፈሰሰ ኖራ ነው የሚመስለው። በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ሲቀርቡት ነው የሚለየው። አንዱ ጥቃቅን ክብ ሳህኖች አሉት። ሌላው ጥቁር ጭረት በጭረት ነው፤ እሱን ግራፊስ የተባለው የላይከን ወገን ወይም ዘመዱ ነው ብለን እንጠርጥር። ሳህን ካለው ጠርዙን እዩ፤ የላይከኑን የራሱን ቀለም ከያዘ ሌካኖራ የተባለው ወገን ሊሆን ይችላል። ከዚያ በላይ ዝርያውን ለመጥራት ስፖሩ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት።

ገንዘብ ያዥ፦ ማይክሮስኮፕ?! ካዝናችንን እያወቅከው!

የባዮሎጂ መምህሩ፦ አይዞሽ፣ አንገዛም፤ ዩኒቨርሲቲውን እንለምናለን። የሚገዛው መነጽር፣ የወረቀት ፖስታና ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የተባለ ኬሚካል ትንሽ ነው። ላይከኑ ላይ ጠብ ሲደረግበት ቀለሙ ቢጫ ወይም ቀይ የሚሆን አለ፣ ምንም የማይለውም አለ። በረኪናም ለዚሁ ይሆናል። ኒላንደር የተባለ ፊንላንዳዊ በ1866 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ዘዴ ነው፤ እስካሁን ይሠራበታል።

አንጋፋ አባል፦ ልጆች፣ ይሄ ላይከን ዛፉን አይመጠውም ወይ? አትክልተኞች በቢላ ሲፍቁት አያለሁ።

የባዮሎጂ መምህሩ፦ አይመጠውም ጋሼ። ፈንገስና አልጌ ተጣምረው የሚኖሩበት ነው፤ ምግቡን የሚሠራው አልጌው ነው፣ ዛፉ መቀመጫ ብቻ ነው። የሚጎዳውስ ፍቂያው ነው፤ ያለ ቅርፊት አይላቀቅማ። እኛም ናሙና ስንወስድ ከላይኛው ደረቅ ቅርፊት ስስ ቁራጭ ነው፣ ያውም ከጥቂት ዛፍ። ፌስታል ውስጥ እንዳይገባ፣ ይሻግታል። ፖስታው ላይ የዛፉ ዓይነት፣ ከመሬት ያለው ከፍታና ቀኑ ይጻፍ፤ ያለዚያ ናሙናው ቆሻሻ ነው።

ወጣት አባል፦ የባጃጅ ጭስንም እንለካበታለን ብንልስ? ገንዘብ ሰጪዎች ይወዱታል።

ጸሐፊ፦ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የተባለው አየር በካይ ጋዝ ብዙ ላይከን እንደሚገድል እውነት ነው። ግን የትኛው የት እንዳለ ሳናውቅ ስለ ጭስ ብናወራ ያስቁብናል። ለሁለተኛው ዙር ይቆይ። አሁን እንዲህ ላርመው፦ «በመነጽርና በጠብታ ወደ ወገን እንለያለን፤ ናሙናውን ለባለሙያ እናቀርባለን፤ አትክልተኞች ፍቂያውን እንዲተዉ እናስረዳለን።»

ሊቀመንበር፦ ተስማምቻለሁ። የከተማው ፈቃድ ሳይመጣ ግን ማንም ቢላ ይዞ ዛፍ እንዳይጠጋ።